ልጅ እንዳይይዙ

ቁጥሩን ያየሁት ማክሰኞ ነው፤ ሕፃኗን ያየኋት ረቡዕ። በመካከሉ ያለፈችው አንዲት ሌሊት ናት። ያቺን ሌሊት ማዳን ይቻል ነበር። የመለኪያውን ድምፅ የዘጋሁት እኔ ባልሆን ኖሮ።

ወልድያ ውስጥ ፊዚክስ አስተምራለሁ። ከክፍል ውጭ ያለኝ ሥራ ደግሞ ከሀብሩ ተራሮች ወርዶ በመርሳ በኩል የሚያልፈውን ወንዝ ተከትዬ የመሬቱን የተፈጥሮ ጨረር መለካት ነው። ድንጋይ ሁሉ ጥቂት ጨረር አለው፤ አፈሩም፣ ውሃውም። የትኛው ቦታ ምን ያህል እንዳለው ግን በእኛ አካባቢ የጻፈው ሰው የለም። ከታች ከሜዳው ጀምሮ እስከ ወንዙ ራስ ድረስ ሃያ አራት ቦታ ተመርጧል። በእያንዳንዱ ቦታ መለኪያውን ከመሬት አንድ ሜትር ከፍ አድርጌ ይዤ አሥር ደቂቃ እቆማለሁ፤ በየደቂቃው ቁጥሩን እጽፋለሁ፤ ከዚያ ሁለት ኪሎ ደለል በላስቲክ ከረጢት ወስጄ ምልክት እጽፍበታለሁ። ሥራው ይህ ብቻ ነው። ትዕግሥት እንጂ ብልሃት አይጠይቅም።

የጀመረው ባለቤቴ ገዛኸኝ ነበር። አሥራ አንድ ቦታ ለክቷል። ከአሥራ ሁለተኛው የቀጠልኩት እኔ ነኝ። በማስታወሻ ደብተሩ ላይ የእሱ ጽሑፍ ያለቀበትና የእኔ የጀመረበት ገጽ አንድ ነው።

ገዛኸኝ አንድ ልማድ ነበረው። ከቁጥሩ ጎን፣ በኅዳጉ ላይ፣ በዚያ ሰዓት በቦታው ማን ማን እንደነበረ ይጽፋል። «እረኛ አንድ። ውሃ የምትቀዳ ሴት። ሁለት አህዮች።» ምን ያደርግልሃል ስለው «ቁጥርም ምስክር ይፈልጋል» ይለኝ ነበር። ልማዱ ጥቅም አለው ብዬ ሳይሆን ማቋረጥ ስላልቻልኩ እኔም እጽፋለሁ።

መለኪያው የድሮ የእጅ ሬዲዮ ያህላል። በጦርነቱ ጊዜ ገዛኸኝ የዱቄት ጆንያ ውስጥ ቀብሮት ስለነበር ተርፏል። ጨረር በገባበት ቁጥር ጠቅ ይላል፤ ጨረሩ ሲበዛ ጠቅታው ይፈጥናል። ድምፁን ከሁለት ዓመት በፊት፣ ከሆስፒታል ያለ ገዛኸኝ የተመለስኩ ሰሞን ዘጋሁት። ቁጥሩ በመስኮቱ ላይ ይታያል፤ ለሥራው ቁጥሩ ይበቃል አልኩ።

ማክሰኞ ጠዋት በላይ ከወልድያ ሊወስደኝ መጣ። በላይ የመርሳ ሹፌር ነው፤ መኪናው ስትበላሽም ራሱ ከሥሯ ገብቶ ይጠግናታል። ሲሪንቃን አልፈን መርሳ ስንደርስ ከቤቱ በር ላይ አቆመ።

«መምህርት፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና አማቴን እስከ ጋሽ ዓሪፍ ማሳ እንውሰዳቸው። ለእሑድ ሽንኩርት ሊያዩ ነው» አለኝ።

እትዬ ቡርቱካን አረንጓዴ ጃንጥላ ይዘው ወጡ። ሃምሳ ስምንት ዓመታቸው ነው፤ መርሳ ውስጥ የጨርቅ ሱቅ አላቸው። በዚያ የቆላ ሙቀት አንገታቸው ላይ ወፍራም ሻሽ ጠምጥመዋል። ከፊት ወንበር ተቀመጡና ገና መኪናው ሳይንቀሳቀስ ወደ እኔ ዞሩ።

«እሑድ የልጅ ልጄ ሰማንያ ቀን ይሞላታል። ክርስትና ትነሣለች። አንቺም ቀርተሽ እንዳታስቀይሚኝ።»

«እመጣለሁ እትዬ።»

«የአለሚቱን ነገር በላይ ነግሮሽ እንደሆን እንጃ። ልጄ ሦስት ጊዜ ልጅ አልያዘላትም። ያዘ ስንል ይወርዳል፣ ያዘ ስንል ይወርዳል። በአራተኛው ይቺ መጣች። ለማርያም ተስያለሁ። ከቤት እስከ ቤተ ክርስቲያን በገዛ እጄ ይዣት ነው የምሄደው፤ ለማንም አላቀብልም።»

«ለእኔም ቢሆን አያቀብሉም» አለ በላይ። «አባቷ መሆኔን ቀበሌ ሄጄ ማስመስከር ሊኖርብኝ ነው።»

«አንተ እጅህ ነዳጅ ነዳጅ ይላል።»

መለኪያው በእግሬ ሥር፣ በቦርሳው ውስጥ፣ ጠፍቶ ተቀምጦ ነበር።

አሥራ አራተኛው ቦታ የጋሽ ዓሪፍ የሽንኩርት ማሳ ከወንዙ ጋር የሚገናኝበት ነው። ጋሽ ዓሪፍ ስልሳውን ያለፉ ገበሬ ናቸው። አካፋቸውን ተደግፈው ጠበቁን።

«ዛሬ ደግሞ ምን ልትለኪ መጣሽ? እኔን ነው ወንዙን?»

«ወንዙን ነው ጋሽ ዓሪፍ።»

«እሱስ እኛን ለክቶ ጨርሷል። አምና አንድ ጥማድ መሬት ወስዶብኛል፤ ሲመልስ አላየሁም።»

እትዬ ቡርቱካን ከመደቡ አንድ ሽንኩርት ነቅለው ጨመቅ አደረጉት። «ዓሪፍ፣ ይህ ሽንኩርት ነው ወይስ ውሃ ያዘለ ፊኛ?»

«ወላሂ ሲቆርጡት ያስለቅስሻል።»

«እኔን የሚያስለቅስ ሽንኩርት አልበቀለም።»

ትቻቸው ወደ ወንዙ ዳር ወረድኩ። መለኪያውን ከፍቼ፣ ደብተሩን በግራ ክንዴ ላይ ዘርግቼ ቆምኩ። ፀሐይዋ ታቃጥል ነበር። ትንሽ ቆይቶ ጥላ መጣብኝ። እትዬ ቡርቱካን ከኋላዬ መጥተው ጃንጥላቸውን በላዬ ዘርግተዋል።

«ፀሐይ ፈጀሽ እኮ ልጄ። ቁሚ፣ እኔ እይዝልሻለሁ። ምንም አልናገርም።»

አመስግኜ ወደ መስኮቱ አየሁ።

በዚህ ወንዝ ላይ እስካሁን ያየሁት ትልቁ ቁጥር ዜሮ ነጥብ አንድ ስድስት ነው። መስኮቱ ላይ ያለው አራት ነጥብ ስድስት ነበር።

መለኪያውን አጥፍቼ አበራሁት። አራት ነጥብ አራት። ጻፍኩት። ሁለተኛው ደቂቃ አራት ነጥብ ሰባት። ጻፍኩት። ከለመድኩት አርባ እጥፍ ገደማ ነው። በዚህ ተራራ ላይ እንዲህ ያለ ቁጥር የሚሰጥ ድንጋይ መኖሩን አላነበብኩም፤ አልሰማሁምም። አሥሩን ደቂቃ ግን አልተንቀሳቀስኩም። እትዬ ቡርቱካንም ቃላቸውን ጠብቀው አልተናገሩም፤ ጃንጥላውን ከአንድ እጅ ወደ ሌላው ሲያዛውሩ ብቻ ይተነፍሳሉ።

ጋሽ ዓሪፍ ፊቴን አይተው ጠጋ አሉ። «ምነው መምህርት? ወርቅ ተገኘ እንዴ?»

«አይደለም።»

«ወርቅ ከሆነ ለማንም አትንገሪ። ለእኔም አትንገሪኝ። ሽንኩርቱ ይበቃኛል፤ አልሃምዱሊላህ።»

እሳቸው ይህን ሲሉ እኔ የማየው ከበስተጀርባቸው ያለውን ሽንኩርት ነበር። በዚህ ውሃ የሚጠጣውን ማሳ፣ ከታች የሚታጠቡትን ሴቶች፣ ከዚያም በታች መርሳን። ደለሉን በከረጢቱ ሞላሁ። በኅዳጉ ላይ ገዛኸኝ እንደሚያደርገው ጻፍኩ፦ «ጋሽ ዓሪፍ። በላይ፣ መኪናው አጠገብ። እትዬ ቡርቱካን፣ ጃንጥላ ይዘውልኝ።» ደመናው ከተራራው ሲወርድ ሥራውን አቋርጠን ሁላችንም አብረን መርሳ ገባን። መርሳ ማረፊያ ያዝኩ። ለማንም አልደወልኩም። አንድ ቁጥር ይዤ ሰው ማስደንገጥ አልፈለግሁም።

ረቡዕ በማለዳ በላይን ቀስቅሼ ወደዚያው ቦታ ተመለስን። እትዬ ቡርቱካን አብረውን አልነበሩም። ትናንት በቆምኩበት፣ የራሴ የጫማ አሻራ ላይ ቆሜ መለኪያውን ከፈትኩት።

ዜሮ ነጥብ አንድ ሁለት።

እንደገና አየሁ። ዜሮ ነጥብ አንድ አንድ። ወደ ውሃው ወረድኩ፤ ወደ ማሳው ወጣሁ፤ ጎንበስ ብዬ መለኪያውን ደለሉ ላይ አስጠጋሁት። ያው ነው። ትናንት ከተገኘው ይልቅ ዛሬ የጠፋው የበለጠ አስደነገጠኝ። ባትሪውን ቀየርኩ። ከቦርሳዬ መፈተሻ ድንጋዩን አወጣሁ። ገዛኸኝ ከደጋ ያመጣት የእጅ መዳፍ የምትሞላ ድንጋይ ናት፤ ሁልጊዜ ዜሮ ነጥብ ሦስት አንድ ትሰጣለች። ሰጠች። የትናንቱንም ከረጢት ከመኪናው አስወርጄ ለካሁት። ምንም የለውም።

«ተበላሸ?» አለኝ በላይ።

«አልተበላሸም።»

«እና የትናንቱ ድንጋይ የት ሄደ?»

ለቀልድ ነው ያለው። እኔ ግን ጥያቄውን ደጋግሜ ሰማሁት። ድንጋይ አይሄድም። ከትናንት ወዲህ ከዚህ ቦታ የሄደ ምንድን ነው?

ደብተሩን ገለጥኩ። ቁጥሮቹን አላየሁም፤ ኅዳጉን አየሁ። ሦስት ስም አለ። ጋሽ ዓሪፍ ውሃ ወደ መደቡ እየመለሱ ነበር። ሄጄ አጠገባቸው ቆምኩ።

«አሁን እኔን መለካት ጀመርሽ?» አሉ።

«አዎ ጋሽ ዓሪፍ።»

«ስንት ወጣሁ?»

«እንደ መሬቱ ነዎት።»

«ወደዚያው ነው የምሄደው፤ ምን ልሁን ታዲያ።»

በላይንም ለካሁት። እንደ መሬቱ ነው። የቀረው አንድ ስም ነበር። ከጎኑ በራሴ እጅ «ጃንጥላ ይዘውልኝ» ተጽፏል። አሥር ደቂቃ ሙሉ ከኋላዬ፣ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ርቀት ላይ። ድምፁ ክፍት ቢሆን ኖሮ እሳቸው ሲጠጉ ጠቅታው ሲፈጥን እሰማ ነበር። አንገታቸው ላይ ያለው ወፍራም ሻሽ ትዝ አለኝ።

«በላይ፣ አማትህ በቅርቡ አዲስ አበባ ሄደው ነበር?»

«ቅዳሜ ነው የተመለሱት። የሱቅ ዕቃ ሊያዩ ብለው ሄደው ባዶ እጃቸውን መጡ። ለምን ጠየቁኝ?»

«የሚያድሩት የት ነው?»

«እኛ ቤት ነዋ። አለሚቱ እንቅልፍ እንድታገኝ ብለው ልጅቷን ወስደው ደረታቸው ላይ ነው የሚያስተኟት። ለጡት ብቻ ነው የሚቀሰቅሷት። ከቅዳሜ ጀምሮ እኛ ነገሥታት ነን።»

ከቅዳሜ ጀምሮ አራት ሌሊት ነው። ርቀት በግማሽ ሲቀንስ ጨረሩ አራት እጥፍ ይሆናል፤ ይህን በየዓመቱ ለተማሪዎቼ በሰሌዳ ላይ እሠራዋለሁ። ከጃንጥላው ርቀት እስከ ደረት ያለውን በአእምሮዬ ሠራሁት። መሬቷ በስድስት ዓመት የምትሰጣትን ያህል በአራት ሌሊት ተቀብላለች ማለት ነው። የሚገድል አይደለም። ግን ገና ሰማንያ ቀን ያልሞላት ልጅ ናት፤ ዛሬም ሌሊት ይመጣል።

«መኪናውን አስነሳ» አልኩት።

«ምን ሆነ?»

«መንገድ ላይ እነግርሃለሁ።»

በመንገድ ላይ ግን መጀመሪያ የደወልኩት ለሮቤል ነው። ሮቤል የዩኒቨርሲቲ የክፍል ጓደኛዬ ነው፤ አዲስ አበባ ውስጥ በጨረር ሕክምና ክፍል ይሠራል። ቁጥሩንና አንገት ላይ ያለውን ሻሽ ነገርኩት። ብዙ አላሰበም።

«እንቅርት ነው። አዮዲን ውጠዋል። ጨረር ያለው ክኒን ነው፤ አንገታቸው ውስጥ ይቀመጣል። ለሦስት ሳምንት ያህል ከሰው መራቅ አለባቸው። ቤት ውስጥ ሕፃን አለ?»

«አለ።»

ኔትወርኩ የተቋረጠ መሰለኝ።

«ከእቅፋቸው አውጪያት» አለ። «ጨረሩ ከሩቅ የሚመታው ብቻ አይደለም። ላባቸውም ውስጥ አለ፣ ምራቃቸውም ውስጥ አለ። እንዳይስሟት። እና ደግሞ…» ድምፁ ተቆራረጠ፤ ጠፋ።

በላይ መሪውን ጨብጦ ወደፊት ያያል። የሰማው የእኔን ወገን ብቻ ነው። የምችለውን ያህል በቀላል ቃል ነገርኩት። የታመመ የለም አልኩት፤ ክኒኑ ለእሳቸው መድኃኒት ነው፣ ለሕፃን ግን አይሆንም። ነዳጁን ረገጠው። የመርሳን መግቢያ ባጃጆች እንዴት እንዳለፋቸው አላውቅም።

ቤቱ በር ላይ ስንደርስ መለኪያውን አወጣሁ። ሁለት ዓመት ያልነካሁትን የድምፅ ቁልፍ በአውራ ጣቴ ገፋሁት። ጠቅ። ጥቂት ቆይቶ፣ ጠቅ። ግቢው ውስጥ ያው ነበር። ደረጃውን ስወጣ ፈጠነ። በሩን ሳልፍ ጠቅታዎቹ መቆጠራቸው ቀረ፤ ጥሬ ሲቆላ እንደሚሰማው ሆነ።

እትዬ ቡርቱካን ፍራሽ ላይ ተቀምጠው ልጅቷን በደረታቸው ላይ አስተኝተዋል። አለሚቱ ገላዋን ታጥባ ፀጉሯን እያደረቀች ነበር። እኔ በገባሁበት ቅጽበት አያትየዋ ወደ ልጅቷ ግንባር ጎንበስ ብለው «እንትፍ፣ እንትፍ፣ እናቴ እደጊ፣ ከዓይን ይሰውርሽ» አሏት።

ሮቤል ሳይጨርሰው የቀረው ይህ ይሆናል። ምራቁን ሲነግረኝ መሳምን እንጂ ምርቃትን አላሰብኩም ነበር። በእኛ አገር አያት የልጅ ልጇን እንትፍ ሳትል አትውልም። የበሩን መቃን ያዝኩ።

«እትዬ ቡርቱካን፣ ልጅቷን ለአለሚቱ ይስጧት።»

«ገና መተኛቷ ነው።»

«አሁን ይስጧት፤ እለምንዎታለሁ።»

መለኪያውን አዩት። ከዚያ እኔን አዩኝ። ቀስ ብለው ተነሥተው ልጅቷን ለልጃቸው ሰጡ፤ ፊታቸው ግን ተለውጦ ነበር። ወደ እኔ አንድ እርምጃ ሲጠጉ ድምፁ ጨመረ። ወደ ኋላ ሲሉ ቀነሰ። ሁለት ጊዜ ሞከሩት።

«በእኔ ላይ ነው የሚጮኸው» አሉ።

«አዎ።»

«ቡዳ ናት እያልሽ ነው? በልጄ ቤት፣ በአራሷ ፊት፣ በማሽን ቡዳ ለይተሽ መጣሽ?»

«አይደለም እትዬ። ለብቻችን እንነጋገር።»

«እዚሁ ተናገሪ። እኔ የምደብቀው የለኝም።»

ይህን ሲሉ እጃቸው ሳያውቁት ወደ ሻሹ ሄደ። አለሚቱ አየችው። «እማዬ?» አለች።

ክፍሉ ውስጥ የመለኪያው ድምፅ ብቻ ነበር። ልዘጋው እጄን አነሣሁና ተውኩት።

«እንቅርት ነው» አሉ በመጨረሻ፤ ለእኔ ሳይሆን ለወለሉ። «ልቤ ይመታል፣ እጄ ይንቀጠቀጣል፣ እከሳለሁ። ለሱቅ ዕቃ ነው ብዬ ሄድኩ። ሐሙስ ዕለት ከብረት ሣጥን አውጥተው አንዲት ክኒን አስዋጡኝ። ክኒን ናት፤ ቀዶ ጥገና እንኳ የለውም። ከክርስትናው በኋላ ልነግራችሁ ነበር። ደስታችሁን ላላበላሽ ብዬ ነው። ቀን እየጠበቅሁለት ነበር።»

ገዛኸኝም ቀን እየጠበቀለት ነበር። የሐኪም ወረቀቶቹን ያገኘኋቸው በኮቱ ኪስ ውስጥ፣ ከአርባው በኋላ ነው፤ የሰባት ወር ወረቀት። ስለዚህ ነገር ከዚህ በላይ አልጽፍም። ግን በዚያች ደቂቃ በእትዬ ቡርቱካን ላይ መቆጣት ያቃተኝ ለዚህ ነው።

«ሲያስውጡዎት ምን አሉዎት?» አልኳቸው። «ሕፃን እንዳያቅፉ አልነገሩዎትም?»

«ማንም ስለ ማቀፍ አልተናገረም። ብዙ ውሃ ጠጪ አሉኝ፤ እየጠጣሁ ነው። ለብቻሽ ተኚ አሉኝ፤ ባል የለኝ፣ ከማን ልተኛ ነው። ደግሞ ልጅ እንዳይይዙ አሉኝ።»

«ልጅ እንዳይይዙ።»

«አዎ። አጠገቤ አንዲት ሙሽራ የመሰለች ልጅ ነበረች። ለእሷ ስድስት ወር እርግዝና የለም ሲሏት ሰማሁ። እኔን ደግሞ ልጅ እንዳይይዙ አሉኝ። በሃምሳ ስምንት ዓመቴ ከየት ልይዝ ብዬ ሳቅሁ። ነርሷም ሳቀች።»

አለሚቱ ልጅቷን ወደ ራሷ አጥብቃ ያዘቻት። ሦስት ጊዜ «ልጅ አልያዘላትም» የተባለባት ሴት ናት፤ ቃሉን በዚያ ፍቺው ከእሷ በላይ የሚያውቅ በዚያ ቤት የለም። ሁለተኛውን ፍቺ እናቷ ሲረዱ ከፊታቸው ላይ አነበብኩት። መጀመሪያ ከንፈራቸው ቃሉን ደገመው፤ ከዚያ ሁለት እጃቸውን አነሡና የሌላ ሰው እጅ ይመስል ተመለከቷቸው።

«ይዣታለሁ» አሉ። «አራት ቀን ሙሉ ይዣታለሁ።»

ከቦርሳቸው ያወጡልኝ ወረቀት በእንግሊዝኛ ነበር። ሁሉም ነገር በሥርዓቱ ተጽፎበታል፤ ሕፃናት፣ ርቀት፣ ቀናት። አራት ጊዜ ታጥፎ ከሱቅ ደረሰኞች ጋር ተቀምጧል።

«ስንት ሜትር ልራቅ?» አሉኝ።

«ለጊዜው ከግቢው ጫፍ ይሁኑ። ከዚያ ወደ ቤትዎ ይሄዳሉ።»

ጫማቸውን ሳያደርጉ ወጡ። በመስኮት አየኋቸው፤ ከአጥሩ ሥር፣ ከፓፓያው ዛፍ አጠገብ፣ ጀርባቸውን ሰጥተውን ቆሙ። በላይ ጫማቸውን ይዞ ሄደና በመካከላቸው ብዙ ቦታ ትቶ መሬት ላይ አስቀመጠው። ምን ብሎ እንደሚያነጋግራቸው ጨነቀው መሰለኝ። በመጨረሻ «እማማ፣ ከእንግዲህ ያበራሉ፤ መብራት ሲጠፋ ወደ እርስዎ ነው የምንመጣው» ሲላቸው ሰማሁ። ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ። ሳቅ ይሁን ለቅሶ ከኋላ አይለይም።

አለሚቱ ፍራሹ ላይ ቁጭ ብላ ልጅቷን ገልጣ ሰጠችኝ። «ለኪያት» አለች።

የታቀፈችበትን ነጠላ አስወጣን። ግንባሯንና ፊቷን በለብ ያለ ውሃ አጠብናት። ከዚያ መለኪያውን ወደ አንገቷ አስጠጋሁ። ድምፁ ስለነበረ ቁጥሩን ማየት አላስፈለገኝም፤ አለሚቱም ትሰማው ነበር። ጠቅ። ለረጅም ጊዜ ምንም። ጠቅ። ጠቅ። እንደገና ምንም። ልጅቷ ዓይኗን ገልጣ ድምፁ ከየት እንደሚመጣ ፈለገች።

«እንዴት ነው?»

«እንደ ወንዙ ናት» አልኳት። «ዜሮ ነጥብ አንድ አራት።»

«ጥሩ ነው?»

«ጥሩ ነው። ግን ሐኪም ያያታል።»

ነጠላው ላይ ስለካ ቁጥሩ ከዚያ ከፍ ይል ነበር፤ በላስቲክ ከረጢት አሥሬ ምልክት ጻፍኩበት፣ እንደ ደለሉ። ከሰዓት በኋላ ሮቤልን እንደገና በስልክ አገኘሁትና ደሴ ሐኪም አመቻቸልን። ሐሙስ ወስደናት ሐኪሙ ደም ቀድቶ ምንም አላገኘም፤ ከሦስት ወር በኋላ እንድትመለስ ቀጠሮ ሰጠ። ያ ቀጠሮ ገና አልደረሰም። አለሚቱ ቀኑን በግድግዳው የቀን መቁጠሪያ ላይ ከብባዋለች።

እሑድ በማለዳ በቃሌ መሠረት መጣሁ። መኪናዋ ታጥባ በር ላይ ቆማለች። ጋሽ ዓሪፍ ሽንኩርቱን በጋሪ ልከዋል፤ ከላይ አንድ ኩንታል ጨምረው «አብሽሪ በሏት፤ የኔ ሽንኩርት ያላስለቀሳትን ክኒን አያስለቅሳትም» የሚል መልእክት ልከዋል። ነገሩን ማን እንደነገራቸው አልጠየቅሁም። መርሳ ውስጥ የምትዞረው ወሬ ከባጃጅ ትፈጥናለች።

እትዬ ቡርቱካን ከመንገዱ ማዶ፣ ከአንድ ዝግ ሱቅ ፊት ለፊት ቆመዋል። ነጭ ቀሚስ ለብሰዋል፤ ጃንጥላቸውን ዘርግተዋል። ሻሹ አንገታቸው ላይ የለም። እብጠቱን ሰው ሁሉ ያያል፤ አልሸፈኑትም።

«መምህርት» ብለው ተጣሩ። «ስለቴ ምን ይሁን?»

ይህ ከቄስ እንጂ ከፊዚክስ መምህር አይጠየቅም። ግን እሳቸው ዛሬ ወደ ቄስ መቅረብ አይችሉም።

«ማርያም ቀን ትሰጥዎታለች እትዬ።»

«እሱን አውቃለሁ። የዛሬውን ነው የምልሽ። ከቤት እስከ ቤተ ክርስቲያን ብያለሁ። ባዶ እጅ አይሁን።» ጃንጥላውን ወደ ሌላው እጃቸው አዛወሩ። «እኔ ጃንጥላ ይዤልሽ የለ? አንቺ ደግሞ እሷን ያዢልኝ።»

አለሚቱ እናቷን አየች፤ እኔን አየች። የልጅቷ የክርስትና እናት ማህሌት ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ትጠብቃለች፤ እስከዚያ ድረስ ያለው መንገድ አጭር ነው። ኋላ ወንበር ስገባ ልጅቷን ጭኔ ላይ አስቀመጠችልኝ። ልጅ ከያዝኩ ብዙ ዘመን ሆኖኛል። ክንዴን የት እንደማደርግ አላወቅሁም ነበር፤ ልጅቷ ራሷ ቦታዋን አገኘች።

በላይ ሞተሩን ሲያስነሳ ከወንበሩ ሥር ጠቅ የሚል ነገር ተሰማ። መለኪያው ቦርሳው ውስጥ ነበር፤ ጠዋት መፈተሻ ድንጋዩን ለክቼ ሳላጠፋው ቀርቻለሁ።

«ልዝጋው?» አለ በላይ።

ጠቅ። ከዚያ ለረጅም ጊዜ ምንም። እትዬ ቡርቱካን በማዶው ጥርጊያ በርቀት አብረውን መራመድ ጀመሩ፤ ጃንጥላቸው ከመስኮቱ ኋላ ይታየኛል። ጠቅ።

«ተወው» አልኩት። «ይሰማ።»